ይህን ሻይ አትቀቅሉት፦ ከድሬ ለኦሎንግ ጀማሪዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ወንድሙ ከጓንዡ ሲመለስ ሻይ አምጥቶለታል። «ቶሎ ና፣ አንተ የምትወደው ዓይነት ነው» አለኝ። ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቱ ስደርስ ገና ከበሩ የቀረፋና የሄል ሽታ ተቀበለኝ። ያኔ ደነገጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቀይ ቆርቆሮ ተከፍቶ ተቀምጧል። 50 ግራም ቲዬጓንዪን የሚባል የቻይና ኦሎንግ ሻይ ነበረው። አሁን ባዶ ነው። ሁሉም ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገብቶ ከስኳርና ከቅመም ጋር ግማሽ ሰዓት ፈልቷል።

ባለቤቱ በሙሉ ደስታ ቀዳችልኝ። ምን ይባላል? እንግዳ ለማክበር በቤቷ ያለውን ምርጥ ነገር ነው ያቀረበችው። ጠጣሁ፣ አመሰገንኩ። ቤቴ ስገባ ግን ይህን ልጽፍ ወሰንኩ። በዚህ ዓመት ብቻ እንዲህ ሲሆን ሳይ አራተኛዬ ነው።

እኔ ሻይ ነጋዴ አይደለሁም። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በመስከረም 2009 ከመመረቁ በፊት ጀምሮ ከቻይናዎች ጋር በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ኦሎንግን ያስተማሩኝ የቻይናዋ ፉጂያን ክፍለ ሀገር ሰው የሆኑ አንድ አዛውንት መሐንዲስ ናቸው። በየማለዳው ከሥራ በፊት ይቀዱልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልጠጣው የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ትልቁ ስህተት መቀቀሉ ነው። እዚህ ላይ ብዙ እላለሁ፤ ታገሡኝ።

የእኛ የውሽውሽና የጉማሮ ጥቁር ሻይ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ፣ ደቅቆ ነው የሚመጣው። ቶሎ ቀለም ይሰጣል። ስኳሩንም ቅመሙንም ወተቱንም ይችላል። ኦሎንግ ሌላ ነው። ቅጠሉ ተቀጥፎ ፀሐይ ላይ ይጠወልጋል። ከዚያ ጠርዙ እንዲቆስል ደጋግሞ ይናጣል። የተቆረጠ ፖም አየር ሲያገኘው እንደሚጠቁረው የቅጠሉም ጠርዝ መጥቆር ይጀምራል። ባለሙያው ሌሊቱን እያሸተተ ይጠብቀዋል። ልክ የሚፈልገው ሽታ ላይ ሲደርስ በእሳት ያስቆመዋል። አረንጓዴም አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም፤ መሀል ላይ የቆመ ነው። ዋጋው ያለው እዚያ ማስቆሙ ላይ ነው። እናንተ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምራችሁ ስትቀቅሉት ያ ሁሉ ሌሊት የተጠበቀ ሽታ በእንፋሎት ይወጣል። የሚቀረው ምሬቱና የሚያደርቀው ጣዕም ነው። ከዚያ ምሬቱን ለመሸፈን ስኳር ይጨመራል። ስኳሩ ሲበዛ ቅመም ይጨመራል። መጨረሻ ላይ የምትጠጡት ሰፈር ካለው ሻይ ቤት የምታገኙትን ነው፤ እዚያ ደግሞ የተሻለ ያፈሉታል።

ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አያቴ ሐረር ቁጢ ስታፈላ አይቻለሁ። የቡና ቅጠሉን ቆልታ ረዘም ላለ ጊዜ ታፈላዋለች፤ ለቁጢ ትክክል ነው። ቁጢ እሳቱን ይፈልገዋል። የኦሎንግ ቅጠል ግን እሳቱን በአገሩ ጨርሶ ነው የመጣው።

ታዲያ እንዴት ነው? ትንሽ ማሰሮ ወይም ክዳን ያለው ኩባያ ውሰዱ፤ 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሚይዝ ይበቃል። በፈላ ውሃ አሙቁትና ውሃውን ድፉት። ከ5 እስከ 7 ግራም ቅጠል ጨምሩ። ሚዛን ከሌላችሁ፣ እንደ እንክብል የተጠቀለለው ዓይነት የማሰሮውን ታች ከሸፈነ በቂ ነው። ከዚያ ክዳኑን ከድናችሁ ነቅነቅ አድርጉና አሽትቱ። ቡና ሲቆላ ጭሱን ለእንግዳ ዞር አድርገን እናሸት የለ? እንደዚያው ነው። የፈላ ውሃ ጨምሩ። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ ጠብታ ሳታስቀሩ ወደ ሲኒ ቅዱ። ውሃው ከቅጠሉ ጋር ከቀረ መምረሩን ይቀጥላል። ሲኒ ያልኩት ደግሞ የቡና ሲኒያችንን ነው። ለዚህ ሻይ ከእሱ የተሻለ ዕቃ አላየሁም።

ፔርሙዝ ውስጥ አትጨምሩት። ሁለት ሰዓት የቆየ ኦሎንግ ሞቷል።

ሁለተኛው የሚያንገበግበኝ ቅጠሉን ከአንድ ዙር በኋላ መድፋት ነው። አቦ፣ ቡናን ከአቦል በኋላ የሚደፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቶና አለ፣ በረካ አለ። ጥሩ ኦሎንግ ከበረካም ያልፋል። ስድስት ሰባት ዙር ይሄዳል፣ የበለጠም አለ። የተጠቀለለው ቅጠል በመጀመሪያው ውሃ ገና መፈታት ነው የሚጀምረው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ይከፈታል። እኔ የምወደው አራተኛውን ነው፤ ጣፋጭነቱ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ያኔ ነው። ከሦስተኛው ዙር በኋላ በየዙሩ አሥር ሰከንድ ያህል ጨምሩ። ቲዬጓንዪን ብዙ ጊዜ የሚመጣው 7 ግራም ገደማ በያዙ አየር በሌላቸው ትንንሽ ከረጢቶች ነው። አንዱ ከረጢት ለአንድ ቁጭታ ነው። የወዳጄ ቆርቆሮ ሰባት ጥሩ ማለዳ ነበረው ማለት ነው።

የውሃውን ሙቀት በተመለከተ በየቦታው የሚጻፈውን ሳያጣሩ የሚከተሉ አሉ። «ከፈላ በኋላ እስኪበርድ ጠብቁ» ይላል። ያ ለአረንጓዴ ሻይ የተጻፈ ነው። ኦሎንግ ብዙውን ጊዜ ከ95 ዲግሪ በላይ ይወዳል፤ በተለይ ተጠብሶ የጠቆረው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ውሃችን 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ ውሃዋ 94 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ሐረር ያላችሁ ምንም አትጠብቁ። ከእሳት እንዳወረዳችሁት ቅዱት።

ስለ ውሃው ራሱ ግን ድሬዎች እንነጋገር። የማንቆርቆሪያችሁን ሆድ ተመልከቱ። ያ ነጭ ቅርፊት ከውሃችን የወጣ ኖራ ነው። የከርሰ ምድር ውሃችን ጠንካራ ነው፤ ልብስ ስናጥብ ሳሙናው አረፋ የሚያንሰው በእሱ ነው። ኦሎንግ በዚህ ውሃ ሲዘጋጅ ቀለሙ ይደፈርሳል። ላዩ ላይ ስስ ነገር ይንሳፈፋል። ሽታው ደግሞ የለም። ሻዩ ፎርጅድ ነው ብሎ ያማረረልኝ አንድ ልጅ ነበር። በታሸገ ውሃ አፍልቼ ከዚያው ቆርቆሮ ቀዳሁለት። ሁለት ሲኒ ጎን ለጎን አቀመስኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሻዩ አላማረረም። ሁሉም የታሸገ ውሃም እኩል አይደለም። ጀርባው ላይ ያለውን የማዕድን መጠን አንብቡና አነስተኛውን ምረጡ።

አሁን የራሴን ልናገር። አዛውንቱ አገራቸው ሲመለሱ የስንብት ስጦታ ሰጡኝ። እዚያው ፉጂያን ካለው ከዉዪ ተራራ የመጣ፣ በከሰል የተጠበሰ ሻይ ነበር። «ለልጅህ ሠርግ አስቀምጠው» አሉኝ። እኔም በአክብሮት ኩሽና ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ከበታቹ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ነበረ። ከጎኑ የእናቴ እጣን ነበረ። ክዳኑ ደግሞ በደንብ አይገጥምም ነበር። ከሁለት ክረምት በኋላ ስከፍተው እጣን እጣን አለኝ። ቅጠሉ ረጥቦ ለስልሷል። እሳቸው ያንን ሻይ ለራሳቸው እንኳ ቆጥበው ነበር የሚጠጡት። እስካሁን ያንገበግበኛል። የሻይ ቅጠል በአካባቢው ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ሽታ ከማይደርስበት፣ ብርሃን ከሌለበት፣ ከሚሞቅ ግድግዳ ከራቀ ቦታ አስቀምጡት። አረንጓዴ የሚመስለውን ቲዬጓንዪን አየር በማይገባበት ከረጢት አሽጎ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ለድሬ ሙቀት ጥሩ ነው። ስታወጡት ግን ወዲያው አትክፈቱት። መጀመሪያ የቤቱን ሙቀት ይያዝ፤ አለበለዚያ ጤዛው ቅጠሉ ላይ ያርፋል።

ስም አይታችሁ አትግዙ። ዳ ሆንግ ፓኦ የሚል፣ የዉዪን ዝነኛ ኦሎንግ ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ የያዘ ሁሉ «ከዚያ ታዋቂ ዛፍ ነው ተብያለሁ» ይለኛል። ዉዪ ተራራ ገደል ላይ ያሉት እናት ዛፎች ስድስት ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከእነሱ የተለቀመ 20 ግራም በጨረታ 208,000 ዩዋን ተሸጧል። ከ2006 ጀምሮ መለቀም አቁመዋል። ገበያ ላይ ያለው ከእነሱ ቅርንጫፍ ተወስዶ ከተተከለ ወይም ከዚያው አካባቢ ሻይ ከተቀየጠ የተሠራ ነው። ከዚያም ውስጥ በጣም ጥሩ አለ። ሰው የሚያዝነው የሌለውን ነገር እንደገዛ ሲነገረው ነው። የታይዋኑ ዶንግ ዲንግ ኦሎንግም ስሙ ብቻ አይበቃም፤ ናንቶ ከሚባል አውራጃ ነው የሚመጣው። (የድሬ ሰው ታይዋን ሲባል ገበያው ነው ቀድሞ ትዝ የሚለው፤ እኔ የምለው ደሴቲቱን ነው።) ከመግዛታችሁ በፊት ቅጠሉን አሽትቱ። የተጨመረበት ሽቶ የሚሸት ከሆነ ተዉት።

ጫት ከያዛችሁ በኋላ አትቅመሱት። ምላስ ደርቆ፣ መራራ ይዞ ውድ ሻይ መክፈት ብክነት ነው። ሚጥሚጣ ከበላችሁም እንዲሁ። እኔ የምመርጠው ማለዳ ነው፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ወይም ማታ፣ ግቢው ሲቀዘቅዝና ነፋሱ ሲመጣ።

ትናንት የራሴን ቲዬጓንዪን ይዤ ወደ ወዳጄ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቱ ረከቦቱን አቀረበች። እኔ ሁለት ዙር ቀዳሁ፤ እሷ ሰከንዱን እየቆጠረች አየች። ሦስተኛው ላይ ሲኒዋን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ቆየች። «ይሄ አበባ አበባ ይላል። ምን ጨምረህበት ነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

አራተኛውን እሷ ቀዳች።