ትንሽ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ክንፉ ያልፋል ወይስ አያልፍም?

መንገዱ ዳር የነዳጅ መኪና ቆሟል። አውሮፕላኑን መሬት ላይ እየነዳችሁ፣ የተቀባውን መስመር ይዛችሁ እየሄዳችሁ ነው፤ ግን ልባችሁ ጠርጥሯል።

ከኮክፒት ሆኖ የክንፍ ጫፍን መገመት ዓይንን ያታልላል። ሴስና 172 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11 ሜትር ገደማ ነው። በግራ ወንበር ለተቀመጠ አብራሪ የቀኙ ጫፍ ይበልጥ ይርቃል። መሬት ላይ የተቀባውን መስመርም በጭፍን አትመኑት። መስመሩን የቀባው ሰው ዛሬ እዚያ መኪና እንደሚቆም አያውቅም። ክንፉ ከታች የሆነ አውሮፕላን አጥርና አጭር ምሰሶ ይነካል። ክንፉ ከላይ የሆነው አጥሩን ቢያልፍም ከፍ ያለ መኪናና የሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) በር ይጠብቀዋል። ስትታጠፉ ደግሞ ጅራቱ ወደ ውጭ እንደሚወጣ አትርሱ።

መፍትሄው ማቆም ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ውረዱ፣ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። ቦታው ከጠበበ በመጎተቻ ዘንግ አዙሩት። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ይፍጅ! ክንፍ የሚጠብቅላችሁ ሰው ካለ ከፕሮፔለሩ ርቆ ክንፉ ጫፍ ጋ ይቁም። ከዓይናችሁ ከተሰወረ ወዲያው አቁሙ። እሱ «እለፍ» ቢልም ኃላፊነቱ የአብራሪው ነው።

ሞተሩ ይጮሃል፣ አውሮፕላኑ አይንቀሳቀስም

ጎማው ሥር ታኮ፣ ያልተፈታ ማሰሪያ ወይም ያልተለቀቀ የማቆሚያ ፍሬን ይኖራል። ጋዝ አትጨምሩ፤ በድንገት ሲለቅ ወደ ፊት ይወረወራል። ፍሬኑን እዩ። እሱ ካልሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ ዙሪያውን ፈትሹ። ፕሮፔለር እየዞረ ታኮ እንዲያነሳ ሰው መላክ በፍጹም አይሆንም።

ፍጥነቱ አልቀንስ ይላል

አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ በዝቶ ነው፣ ወይም ነፋሱ ከኋላ ይገፋል። ብዙዎች ፍሬኑን ረግጠው ይቀጥላሉ። የጋለ ፍሬን ግን በምትፈልጉት ሰዓት ይከዳል። መጀመሪያ ጋዙን ቀንሱ። እንቅፋት አጠገብ ፈጠን ካለ የእግር ጉዞ ፍጥነት አትለፉ። ፍሬኑን ደግሞ አውሮፕላኑ ገና እንደተንቀሳቀሰ ሞክሩት። ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ ካለ ጋዙን እስከ መጨረሻው ቀንሱ፣ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያውን) ቆርጣችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ በፔዳል ወደ ባዶ ቦታ ምሩት።

ከፊት ምንም አይታይም

የጅራት ጎማ ያለው አውሮፕላን አፍንጫው ሽቅብ ስለሆነ እይታ ይጋርዳል። ቀስ እያላችሁ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዛችሁ በጎን እዩ። ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታችሁም ከማቆም አታመንቱ።

አንድ ነገር ከተነካ

«ትንሽ ጭረት ናት» ብላችሁ አትነሱ። የክንፍ ጫፍ ሲመታ ጉዳቱ ወደ ውስጠኛው መዋቅር ሊተላለፍ ይችላል። ፕሮፔለር ከመታም ሞተሩ ውስጡ በመካኒክ ሳይታይ አይበረርም። ላዩ ደህና ቢመስልም ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።