ፓይሎን ሬሲንግ ለጀማሪ፦ ሪሞት አውሮፕላን በምሰሶ ዙሪያ እንዴት ይወዳደራል

ሪሞት አውሮፕላን ማንሳትና ማሳረፍ ከለመዳችሁ በኋላ ዝም ብሎ ሰማይ ላይ ማሽከርከሩ መሰልቸቱ አይቀርም፣ ያኔ ፓይሎን ሬሲንግን ሞክሩት፣ እኔ ከአርሲ ነገሮች ሁሉ እንደሱ ልቤን የሚሰቅለው የለም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሜዳው ላይ በሦስት ማዕዘን 3 ምሰሶ ይቆማል፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 አውሮፕላን ይነሳና በምሰሶዎቹ ውጪ በኩል ሁሌም ወደ ግራ እየታጠፈ 10 ዙር ይበራል፣ ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ። ኤፍ 3 ዲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ክላስ ሩቁ ምሰሶ፣ ማለትም ቁጥር 1፣ ከሌሎቹ ሁለቱ 180 ሜትር ይርቃል፣ ሁለቱ ደሞ እርስ በርስ 40 ሜትር፣ ስለዚ አንድ ዙር 400 ሜትር ገደማ፣ ጠቅላላው 4 ኪሎሜትር ነው።

አውሮፕላን ከመግዛታችሁ በፊት አቅራቢያችሁ ያለውን ክለብ በየትኛው ክላስ እንደሚወዳደሩ ጠይቁ። ብቻችሁን የገዛችሁት ፈጣን አውሮፕላን አብሮት የሚወዳደር ከሌለ ምን ያደርጋል? ብዙ ክለብ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት የፎም አውሮፕላን፣ አንድ ዓይነት ሞተርና ባትሪ ይዞ የሚወዳደርበት ሬስ አለው፣ ለጀማሪ ከዚ የተሻለ የለም ምክንያቱም ልዩነቱን የሚፈጥረው እጃችሁ ብቻ ነው። ከዛ በኋላ ኩዊኪ 500 አለላችሁ፣ ስሙን ያገኘው ከክንፉ ስፋት ነው፣ 500 ስኩዌር ኢንች፣ በኛ ሲለካ 3,200 ስኩዌር ሴንቲሜትር አካባቢ፣ ቅርፁ ቀላል ስለሆነ ለመስራትም ለመጠገንም አያስቸግርም።

አሜሪካ ያላችሁ፣ አውሮፕላኑ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ጋር መመዝገብ፣ ትረስት የሚባለውን ነፃ ፈተና ኦንላይን መውሰድ፣ የምዝገባ ቁጥሩን አውሮፕላኑ ላይ መለጠፍ ግዴታ ነው። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደሞ በደንብ አንብቡ፣ ከሬገን ኤርፖርት ዙሪያ 15 ኖቲካል ማይል፣ ወደ 28 ኪሎሜትር ማለት ነው፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም ማብረር አይቻልም፣ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዛ ውስጥ ናቸው፣ ስለዚ ሰፈራችሁ ያለው ፓርክ ውስጥ እንሞክር እንዳትሉ፣ ራቅ ያለ ክለብ ሜዳ ፈልጉ።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። የሚዛን ነጥቡን ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ስትለኩ ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ካለው ርቀት 25 እስከ 30 ፐርሰንት ላይ አድርጉት፣ መጀመሪያ ወደ ፊት ያድላ። ኤለቬተሩ፣ ማለትም አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው የጭራው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ በጣም ብዙ እንዲንቀሳቀስ አታድርጉ። ከፍ ብላችሁ በሙሉ ፍጥነት ወደ ግራ አጋድላችሁ ስቲኩን እስከ መጨረሻ ሳቡት፣ አውሮፕላኑ በድንገት ከተገለበጠ ኤለቬተሩን ቀንሱ፣ እንደገና ሞክሩ፣ እስከ መጨረሻ ተስቦም በንፅህና እስኪታጠፍ ድረስ። ይሄን ሳያደርጉ ዝቅ ብሎ መወዳደር አውሮፕላን መጣል ነው። ክንፉንም በየበረራው እዩት፣ በሰዓት 160 ኪሎሜትር እየበረረ በ20 ሜትር ሬዲየስ የሚታጠፍ አውሮፕላን ክንፉ ላይ የራሱን ክብደት 10 እጥፍ ገደማ ነው የሚሸከመው፣ ትንሽ ስንጥቅ ካለች እዛች መታጠፊያ ላይ ነው የምትለያየው።

መታጠፍን ለብቻ ተለማመዱ፣ መጀመሪያ ከፍ ብላችሁ። ቅደም ተከተሉ ማጋደል፣ መሳብ፣ ማስተካከል ነው፣ እያጋደሉ መሳብ ከጀመራችሁ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ የወጣ አውሮፕላን ደሞ መንገዱ ረዘመ ማለት ነው። ከፍታው ከመጀመሪያው ዙር እስከ አስረኛው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እኔ ሰው ሲወዳደር ሳይ መጀመሪያ የማየው ሞተሩን ሳይሆን ይቺን ነው።

ትልቁ ነገር ግን ኮለራችሁ ነው፣ አጠገባችሁ ቆሞ መቼ እንደምትታጠፉ የሚነግራችሁ ሰው ማለቴ ነው። 180 ሜትር ላይ ያለ አውሮፕላን ምሰሶውን ይለፍ አይለፍ ከቆማችሁበት በዓይን መለየት አይቻልም፣ ለዛ ነው ቁጥር 1 ጋር ዳኞች በመብራት ወይ በባንዲራ ምልክት የሚሰጡት። እናንተ ዓይናችሁን ከአውሮፕላናችሁ አትንቀሉ፣ ምልክቱን ኮለሩ ይይላችሁ። አንድ አጭር ቃል ተስማሙ፣ "አሁን!" ይበቃል። እሱ ቃሉን ከተናገረ ጣታችሁ እስኪታዘዝ ሲሶ ሰከንድ ቢፈጅ አውሮፕላኑ 15 ሜትር ሄዷል፣ ስለዚ ኮለሩ ምልክቱን ከመጠበቅ ይልቅ ቀደም ብሎ መጥራት መልመድ አለበት፣ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ወደ ቁጥር 1 ከወሰደው ደሞ ይበልጥ ቀደም ብሎ። ይሄ የሚመጣው አብሮ ደጋግሞ በመብረር ብቻ ስለሆነ በየሬሱ ሰው አትቀያይሩ።

ምሰሶውን በውስጥ በኩል ካለፋችሁ ከት ይባላል፣ በብዙ ሬስ አንድ ከት አንድ ተጨማሪ ዙር ያስበርራል፣ ሁለተኛው ደሞ የዛን ሬስ ነጥብ ዜሮ ያደርገዋል። እስቲ አስቡት፣ በየዙሩ ቁጥር 1ን 5 ሜትር አልፋችሁ ብትታጠፉ በ10 ዙር የምትጨምሩት 100 ሜትር ነው፣ አንድ ከት ግን 400 ሜትር። ጀማሪ ከሆናችሁ ሰፋ አድርጋችሁ ታጠፉ፣ ማጥበቡ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ፈጣኖቹ እርስ በርስ ሲጣደፉ ከት ያደርጋሉ እናንተ በንፁህ 10 ዙር ነጥብ ትሰበስባላችሁ።

ሄልሜት አድርጉ፣ ኮለሩም ጭምር። ሰው ስታልፉ በውጪ ወይ ከላይ እለፉ። ስትጨርሱ ወዲያው ላንድ አታድርጉ፣ ከፍ ብላችሁ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ጠብቁ፣ ስለዚ ባትሪ አስተርፉ።

የመጀመሪያ ሬሳችሁ ከመድረሱ በፊት ደሞ አንድ ቀን ክለቡ ሄዳችሁ ቁጥር 1 ጋር ዳኛ እንድትሆኑ ጠይቁ፣ ሰው ሁሌ ስለሚያጥራቸው ደስ ይላቸዋል። ጎበዞቹ የት ጋር ማጋደል እንደሚጀምሩ ከዛ ሆኖ ነው በደንብ የሚታየው፣ ኮለራችሁንም ይዛችሁት ሂዱ።