አንጀት ሲዘጋ ቤት ውስጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ማታ ሆዳቸውን ቆረጣቸው። ሌሊቱን ሲያስታውካቸው አደረ። ጠዋት ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ። «ድርቀት ነው» ተባለና ማስቀመጫ መድኃኒት ተገዛ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ስሠራ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰማሁት! የምሰማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ማስቀመጫው ነው። ድርቀት ሲሆን አንጀት ሰንፎ ነው፤ ሲዘጋ ግን መንገዱ ነው የጠፋው። ከመዘጊያው በላይ ያለው አንጀት ቀድሞውኑ በሙሉ ኃይሉ እየገፋ ነው። ቁርጠቱ መጣ ሄደት የሚለውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወይም ኮሶ ሲጨመር የተወጠረው አንጀት ሊቀደድ ይችላል። «ትንሽ ጉልበት ያግኙ» ተብሎ የሚሰጥ አጥሚትም መውጫ የለውም። ሆስፒታል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚደረገው ተቃራኒው ነው። በአፍ ምንም አይገባም፤ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ በአፍንጫ በገባ ቱቦ ጨጓራው ይራገፋል። በድሮ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ምክንያት የተዘጋ አንጀት አንዳንዴ በዚሁ ብቻ ይከፈታል።

«ትናንት ሽንት ቤት ተቀምጠዋል፣ ስለዚህ አልተዘጋም» ማለትም ያዘናጋል። ከመዘጊያው በታች የነበረው ሰገራ ሊወጣ ይችላል። ይልቅ ስለ ፈስ ጠይቁ። አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። «ጋሼ፣ ፈስ ይወጣዎታል?» አልኳቸው ልጆቻቸው ፊት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና «ደህና ነኝ» አሉ። ልጆቹን አስወጥቼ ስመለስ በቀስታ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም» አሉኝ። ያ መልስ ለሐኪም ከራጅ አይተናነስም። ስህተቱ የእኔም ነበር፤ ልጆቹን ቀድሜ ማስወጣት ነበረብኝ።

ቡአን መደበቅም እንዲሁ በሐፍረት የሚመጣ ነው። ድሮ ተኝተው ሲነኩት የሚገባው እብጠት ዛሬ ጠጥሮ፣ እያመመ አልገባ ካለ አንጀት ተቀርቅሮበት ሊሆን ይችላል። በጉልበት አትግፉት፤ ወጌሻም አይሸው። የድሮ የኦፕራሲዮን ጠባሳ ካለም ተናገሩ። ከብዙ ዓመት በፊት የተደረገ ቢሆንም አንጀትን አጣብቆ ሊዘጋ ይችላል።

ሌላው «ይንጋልን» ማለት ነው። መጣ ሄደት ይል የነበረው ሕመም ፋታ የሌለው ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆዱ ከጠነከረ፣ ወደ አንጀቱ የሚሄደው ደም ታግዶ ሊሆን ይችላል። አንጀት ያለ ደም የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። ሕመሙ ድንገት ቀጥ ማለቱም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም፤ አንጀቱ ተበስቶ ሊሆን ይችላል።

እኚያ አባት የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ነበረባቸው። በአገራችን አንጀት ከሚዘጋባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ ይበዛል። አንጀቱ ገና አልሞተም ነበርና ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገባላቸው። አየሩ እየነፈሰ ወጣ፣ ፈሳሹም ተከተለ። ያ ተራራ ያህል ሆድ ዓይናችን እያየ ሟሸሸ። ሳቁ። እንጀራ ጠየቁ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ታዲያ እዚህ ላይ ነው። «ዳንኩ፣ አዝመራው ይጠብቀኛል» ብለው ይነሳሉ። ገንዘቡ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በሬ ሸጦ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ግን የተጠመዘዘው ረጅም አንጀት እዚያው ነው፤ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ይጠመዘዛል። አስቀድሞ ታቅዶ ሲሆን ያ ክፍል ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ይገጠማል። አንጀቱ ሞቶ ሲመጡ ግን ኦፕራሲዮኑ የነፍስ አድን ነው፤ ሰገራ በሆድ በኩል እንዲወጣ ማድረግም ሊያስፈልግ ይችላል።

የጋሼ ወንዶች ልጆች ሊወስዷቸው ዕቃ መሸከፍ ጀምረው ነበር። ትንሿ ልጃቸው «ቆይ፣ ሌሊት ቢመለስባቸውስ?» አለች። ከቤታቸው እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ ሦስት ሰዓት ነው። ከዚያ ደግሞ መኪና መጠበቅ አለ። ወንድሞቿ እርስ በርስ ተያዩ። ዕቃውን መልሰው አልጋው ሥር አስቀመጡት።