ሐሮማያን ማን አደረቀው? ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስንከራከር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ድርቅ በገባ፣ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሌላው «ድርቅማ በአያቶቻችንም ዘመን ነበር፤ ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ገበሬው ደኑን ጨርሶት ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሦስቱም ከእውነቱ ቁራሽ ይዘዋል። ነገር ግን ስለ የትኛው ቦታ፣ ስለ የትኛው ውሃ፣ ስለ የትኛው ጫካ እንደሚያወሩ ሲጠየቁ መልስ የላቸውም። ስህተቶቹም አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

ሁሉንም በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ

በሐረርና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ሐሮማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው የዓለም ሙቀትን ነው። የሐረር ከተማ ግን ለአሥርት ዓመታት የመጠጥ ውሃዋን ስትስብ የኖረችው ከዚያው ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬ ጫቱንና አትክልቱን በሞተር ፓምፕ ያጠጣ ነበር፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለልም የሐይቁን አልጋ ሲሞላ ከረመ። ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ማምጣት ጀመረች፤ ዓመታት አልፈው ሐሮማያ ላይ ውሃ ተመልሶ ታየ። ያደረቀው ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ዓለም በእነዚያው ዓመታት ይብስ እየሞቀች ሳለ ውሃው ባልተመለሰ ነበር።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከዚህም የባሰ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አቢጃታ ሐይቅ እየሸሸ ነው። ወደ እሱ የሚፈሰው የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ጀምሮ በመስኖ ይቀነሳል፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ከሐይቁ ውሃ እየሳበ በገንዳ ሲያተን ኖሯል። መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ስፋቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ጨዋማው ውሃ የሸንኮራ አገዳ እርሻውን በልቷል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን አስፋልትና የባቡር ሐዲዱንም ሲያሰጋ ቆይቷል። አጥኚዎች በዋናነት የሚጠቅሱት ከመስኖ እርሻው የሚሰርገውን ትርፍ ውሃና ከፍ እያለ የመጣውን የከርሰ ምድር ውሃ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ሐይቆች በአንድ ሸለቆ ውስጥ ናቸው፤ የሚሞቀው አየርም አንድ ነው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ከሞላ ምክንያቱን እዚያው መሬቱ ላይ መፈለግ ግድ ይላል።

ይህ ማሳበብ ለባለሥልጣን በጣም ይመቻል። ጥፋቱ የዓለም ከሆነ ፓምፕ መቁጠር፣ የውሃ ፈቃድ መጠየቅ፣ ፋብሪካውን መመርመር ቀረ ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም ስህተት አደገኛው ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም የሚሳሳቱት ለውጡን የሚያምኑት፣ «ለተፈጥሮ እንቆረቆራለን» የሚሉት ሰዎች ናቸው።

«ድርቅ ድሮም ነበር» ብሎ መደምደም

ነበር፣ ማን ካደ? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውን ክፉ ቀን ያመጣው የፋብሪካ ጭስ አልነበረም። በምጽዋ በኩል የገባው ደስታ በሽታ ከብቱን ፈጀ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ። ነገር ግን ሰው ድሮም ይሞት ነበር ማለት ዛሬ የሞተውን ማንም አልገደለውም ማለት አይደለም። እንደ ማንኛውም አሟሟት ምልክቱ ይመረመራል።

ምልክቱ ደግሞ አለ። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን ቅንጣት 280 ያህሉ ነበር፤ አሁን ከ420 በላይ ሆኗል። የተጨመረው ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የመጣ መሆኑ በራሱ በካርቦኑ ዓይነት ይለያል፤ ለሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ የኖረ ካርቦን ከሕያው ተክል ከሚወጣው የተለየ ነው። «ፀሐይዋ በርትታ ቢሆንስ?» ለሚልም መልስ አለ። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ላይኛው የከባቢ አየር ክፍልም አብሮ ይሞቅ ነበር። የሆነው ግን ታችኛው እየሞቀ ላይኛው እየቀዘቀዘ መሄዱ ነው፤ ሙቀት አማቂ ጋዝ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

ወደ ራሳችን ድርቅ እንምጣ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መገባደጃ እስከ 2022 መጨረሻ በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በ2023 አንድ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ያንን ድርቅ መርምሮ፣ ሰው ሠራሹ ሙቀት የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው አስታወቀ። አስተውሉ፣ «ዝናቡ የቀረው በሰው ምክንያት ብቻ ነው» አላሉም። ያሉት፣ ዝናቡ ያንኑ ያህል አንሶም ቢሆን ምድር ባትሞቅ ኖሮ አፈሩና ሣሩ እንዲያ ባልደረቁ ነበር ነው። ሐሮማያ ላይ ፓምፑን የጠየቀ ሰው ቦረና ላይ ሙቀቱን መካድ አይችልም።

የተስማሙበትንና ያልተስማሙበትን መቀላቀል

«ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው መች ተስማሙ?» የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው። ምድር መሞቋና መንስኤው ሰው መሆኑ አያከራክርም። የበይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2021 ያለምንም ማወላወል ጽፎታል። ነገ የእኛ በልግ ምን ይሆናል የሚለው ግን ገና ያከራክራል። የኮምፒውተር ስሌቶቹ ብዙዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ይጨምራል ሲሉ፣ ካለፉት አሥርት ዓመታት የተመዘገበው የሚያሳየው ግን ሲቀንስ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንን ተቃርኖ አልደበቁትም፤ ስም አውጥተውለት ይከራከሩበታል። ስለ በልግ እርግጠኛ ስላልሆኑ ስለ ሙቀቱም አያውቁም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ስትበርድ «የት አለ ሙቀቱ?» የሚለው ቀልድ ሆኖ ይለፍ። የአንድ ሳምንት ብርድ የሠላሳ ዓመት አማካይን አይሽርም፤ የአንድ ቀን ሐሩርም አያስረዳውም።

የ40 በመቶው ደን

«ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀረ።» ይህን በትምህርት ቤት ያልሰማ የለም። የመጀመሪያው ቁጥር ግን በልኬት የተገኘ አይደለም፤ ያኔ የአገሪቱን ደን የለካ ሰው አልነበረም። ከግምት ተነስቶ፣ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ነው እውነት የሆነው። በአንጻሩ በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር የነበሩ ፎቶ አንሺዎች ከባሕሩ እስከ መቅደላ ያለውን አገር አንስተዋል። ተመራማሪዎች ከዘመናት በኋላ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆመው ድጋሚ ሲያነሱ፣ ድሮ ራቁቱን የነበረ ብዙ ተዳፋት ዛሬ ዛፍ ለብሶ አገኙት። እርግጥ ከዛፉ ጥቂት የማይባለው ባሕር ዛፍ ነው። ቢሆንም የሰሜኑ ደጋ የተራቆተው በእኛ ዘመን እንዳልሆነ ፎቶው ይመሰክራል።

ይህን የሰማ ደግሞ «እንግዲያው ደን አልጠፋም» ብሎ ይዘላል። በከፋና በሸካ፣ በባሌም የተፈጥሮ ደን ዛሬም እየተመነጠረ ነው።

ሁለተኛው የቁጥር ወጥመድ 15 በመቶው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት የደንን ትርጉም ቀየረ፦ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የደረሰ፣ በጥላው 20 በመቶውን መሬት የሚሸፍን። በዚህ መለኪያ ሽፋኑ 15 በመቶ ገደማ መጣ። ይህን ከድሮው 3 በመቶ ጋር አስተያይቶ «አምስት እጥፍ አደገ» የሚል ሰው፣ ያደገው ሜትሩ መሆኑን ልብ አላለም።

ችግኝ ቆጥሮ መጣላት

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። አንዱ ወገን ተአምር አለው፣ ሌላው ውሸት፤ ክርክሩም ቁጥሩ ላይ ቀለጠ። የሚያስፈልገው ጥያቄ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ጸደቀ፣ የትኛው ዝርያ፣ የማን መሬት ላይ የሚለው ነበር። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ሲያገግም በአብዛኛው የበቀለው ከችግኝ ጣቢያ በመጣ ተክል አልነበረም። መሬት ውስጥ በሕይወት የቀረው ጉቶና ሥር፣ መጥረቢያና ከብት ሲከለከልለት፣ ራሱ አቆጠቆጠ። ነዋሪዎቹም በማኅበር ተደራጅተው ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ዛፉ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን ከሚከፈለው፣ ገንዘብ አገኙ። ይህ ለካሜራ የሚሆን ቀን የለውም።

ተጠያቂ አንድ ብቻ መፈለግ

«እኛ ምን አጠፋን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አገሪቱ ራሷ ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ኢትዮጵያ የለቀቀችው ሙቀት አማቂ ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን ያህል፣ ከዓለም ድርሻ 0.3 በመቶ የማይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ አቶ መለስ ዜናዊ የአፍሪካ ተደራዳሪ በነበሩበት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ሀብታሞቹ አገሮች እስከ 2020 ለድሃ አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማዳረስ ቃል ገቡ። የተሟላው በ2022 ነው፤ ከመጣውም አብዛኛው ብድር ነበር። በዚህ ቢወቀሱ አይበዛባቸውም።

ከዚያው 150 ሚሊዮን ቶን ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ግን ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን የወጣ ነው። እዚህ ላይ ገበሬውንና ከሰል የምትሸጠውን ሴት መወንጀል ይቀላል። ከሰሉ የሚነደው ግን ከተማ ውስጥ ነው፤ መብራት እየጠፋባት ወጥ በምታበስል እናት ምድጃ ላይ።