በሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ጊዜ ከአንቲባዮቲክ ጋር የሚሠሩ ስህተቶች

የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲቀጠር ቤተሰቡ «እንዳያመረቅዝበት ምን መድኃኒት ይሰጠዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ መልሱ ሁልጊዜ «አንቲባዮቲክ» መስሎ መታየቱ ነው።

ለሁሉም ያስፈልጋል ማለት። ከረጢቱ ሳይቆጣ፣ በቀጠሮ፣ በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ) ሲወጣ ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ሐሞቱም አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት የጋራ መመሪያ፣ ተጋላጭነታቸው ዝቅተኛ ለሆነ እንዲህ ላሉ ታካሚዎች መከላከያ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም ይላል። ጃፓን ውስጥ ከ1,000 በሚበልጡ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን ጥቅም አለው ብሏል። ስለዚህ ሁለት ሐኪሞች የተለያየ ነገር ቢነግሩዎ አንዱ ሥራውን አያውቅም ማለት አይደለም።

ለማንም አያስፈልግም ማለት። ሆድ ተከፍቶ ለሚሠራለት ሰው መከላከያው ይሰጣል፤ በአገራችን ደግሞ ብዙ ሰው አሁንም የሚታከመው በዚህ መንገድ ነው። ስኳር ሕመም፣ ከ70 በላይ ዕድሜ፣ እርግዝና፣ የከረጢቱ መቆጣት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የበሽታ መከላከል አቅም መዳከምም ሚዛኑን ይቀይራሉ። ከእነዚህ አንዱ ካለብዎ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ከዚህ በፊት መድኃኒት አስቆጥቶዎት (አለርጂ ሆኖብዎት) ከሆነም እንዲሁ።

ሰዓቱን መሳት። ለመከላከያ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ሴፋዞሊን ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ዋርድ ውስጥ ማለዳ ተወግቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀዶ ክፍል የሚገባ ታካሚ፣ ቢላዋው ሲያርፍበት በደሙ ውስጥ በቂ መድኃኒት ላይኖር ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለቀናት መቀጠል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በሆስፒታሎቻችን ሴፍትሪአክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ለመከላከያ ተብሎ ለቀናት ሲሰጥ ማየት የተለመደ ነው፤ አስታማሚውም መድኃኒቱን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያው ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መከላከያውን ማራዘም እንደማይገባ በግልጽ አስቀምጧል። ትርፉ ወጪ፣ ተቅማጥና መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነው። ያ ባክቴሪያ ደግሞ ነገ በእውነት የታመመ ሰው ሲመጣ መድኃኒት ያሳጣናል። ከረጢቱ ተመርቅዞ የተገኘ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የሚወስደው ለሕክምና ስለሆነ የታዘዘለትን ይጨርስ። ስለዚህ ማዘዣ ሲቀበሉ «ይህ ለመከላከያ ነው ወይስ ኢንፌክሽን ተገኝቶብኝ?» ብለው ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ቤት ገብቶ ራስን ማከም። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫነት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ መግል ካዩ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አይዋጡ። ሐሞት ወደ ሆድ ፈስሶ ወይም ጠጠር በሐሞት ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ክኒን ብቻውን አይፈታውም። ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ታከሙበት ሆስፒታል ይመለሱ።