ልጆች ይዛችሁ መዝናኛ ፓርክ ስትሄዱ

በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የመጀመሪያዋ ሰዓት ወርቅ ናት። ብዙው ሰው ገና መንገድ ላይ ነው፤ የገባውም መግቢያው አጠገብ ባገኘው ጨዋታ ይሰለፋል። እናንተ ቀጥ ብላችሁ ወደ ውስጥ ዝለቁና በጣም ከሚፈለገው ጀምሩ።

ቲኬት በር ላይ አትግዙ። ቀድማችሁ ኦንላይን ከገዛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፣ አንድ ሰልፍም ይቀርላችኋል። ከተቻለ ትምህርት ቤት ባልተዘጋበት ሳምንት፣ በሥራ ቀን ሂዱ።

ብዙ ወላጅ የማያውቀውን ልንገራችሁ። ትንሹ ልጅ ቁመቱ ለአንድ ጨዋታ ካልደረሰ፣ እናትና አባት ሁለት ጊዜ መሰለፍ የለባቸውም። ዲዝኒና ዩኒቨርሳልን ጨምሮ ትልልቆቹ ፓርኮች ወላጆችን ያቀያይራሉ፦ አንዱ ሲጫወት ሌላው ልጁን ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ ዋናውን ሰልፍ ሳይደግም ይገባል። ጨዋታው መግቢያ ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ። እባካችሁ፣ ሳታፍሩ ጠይቁ!

የልጆቹን ቁመት ደግሞ ቤት እያላችሁ ለኩና በፓርኩ ድረ ገጽ ካለው ጋር አመሳክሩ። አንድ ሰዓት ተሰልፎ፣ መለኪያው ሥር ቆሞ፣ ተረከዙን ብድግ አድርጎ "አልደረስክም" የተባለ ልጅ አንጀት ይበላል።

ባዶ የውሃ ኮዳ ያዙ፤ ውስጥ የሚሞላበት ቦታ አይጠፋም። ምሳ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ብሉ። ሌላው ለምግብ ሲሰለፍ እናንተ ወደ ጨዋታው ትመለሳላችሁ።