ማሳችሁ ውስጥ ማን ይኖራል? የአፈር ነፍሳትን ቆፍሮ መቁጠር

ሐረር ዙሪያ ጫትና ማሽላ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። አፈሩም ዝናቡም አንድ ነው፤ የሚለየው አያያዙ ነው። አያያዙ በአፈር ነፍሳት ላይ ያመጣውን ለውጥ ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አካፋ፣ ሜትር፣ የተቀደደ ነጭ ማዳበሪያና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ሦስት ቦታ ምረጡ፦ መርዝ የሚረጭበት የጫት ማሳ፣ የማሽላ ማሳ፣ እና ማረሻም ዶማም የማይነካው ድንበር። ድንበሩን እንዳትተዉት፤ ሌሎቹን የምታመዛዝኑት በእሱ ነው። የእርከን አናትን ከእርከን ግርጌ ጋር አታወዳድሩ። ለም አፈር ታጥቦ የሚተኛው ግርጌ ላይ ነው።

የምትቆፍሩት ዝናብ ከጣለ ሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ በጠዋት፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን ነው። በበጋ የምድር ትል ወደ ታች ወርዶ ተጠቅልሎ ይተኛል። ድሬዳዋ ቆላው ላይ ደግሞ መስኖ ከሌለ በደረቅ ወቅት አትድከሙ።

ሰው የሚሸወደው ቁፋሮው ላይ ነው። 25 በ25 ሳንቲሜትር ለኩ፤ ጥልቀቱ 30 ይሁን። ከሁሉ በፊት ላዩ ላይ ያለውን ቅጠልና ብስባሽ ለብቻ አንሱ፤ ሸረሪትና መቶ እግር የሚያመልጡት ከዚያ ነው። ከዚያ ፈጠን ብላችሁ ቆፍሩ። ትል ንዝረት ይሰማዋል፤ አካፋው በዘገየ ቁጥር ወደ ታች ይሸሻል። አፈሩን ማዳበሪያው ላይ ዘርግፉና ጓሉን በእጅ ፈርፍሩ። መርዝ በቅርቡ ተረጭቶ ከሆነ ጓንት አድርጉ። ወንፊት ግን አልመክርም፤ ትሉን ይቆርጣል፣ ጥቃቅኑን ያሳልፋል። የተቆረጠ ትል ካገኛችሁ ጭንቅላት ያለውን ብቻ ቁጠሩ፤ አለዚያ አንዱ ሁለት ይሆንባችኋል።

በጥልቁ የቀሩትን ሰናፍጭ ያወጣቸዋል። በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ገደማ የተፈጨ ሰናፍጭ በጥብጡና ጉድጓዱ ውስጥ አፍስሱ። ቆዳቸውን ስለሚያቃጥላቸው ይወጣሉ፤ ወዲያው በንጹህ ውሃ እጠቧቸው። ፎርማሊን የተባለ ኬሚካል የሚጠቀሙ አሉ። መርዝ ነውና የሚበላ ነገር የሚበቅልበት ማሳ ላይ አይሞከርም።

በየማሳው ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ቆፍሩ። በአንድ ጉድጓድ የተገኙትን አማካይ ቁጥር በ16 ስታባዙት የካሬ ሜትሩን ታገኛላችሁ።

ጫቱ ውስጥ ጥንዚዛና ሸረሪት ከድንበሩ በጣም ካነሱ መጀመሪያ የምጠረጥረው የሚረጨውን ነው። ተባይ ማጥፊያ ተባይ የሚበሉትንም ይገድላል። ማሽላው ውስጥ ትል ከጠፋ አገዳው የት እንደሄደ ጠይቁ። ለከብትና ለማገዶ ተጠራርጎ ሲነሳ ለትሉ የሚበላ አይቀርለትም፤ ማረሱና መኮትኮቱ ደግሞ መኖሪያውን ይንዳል። ምስጥ ስላያችሁ ብቻ ወደ መርዝ ሱቅ አትሩጡ። አብዛኛው የሚበላው የደረቀ ነገር ነው፤ መተላለፊያውም ውሃ ወደ አፈር ያስገባል።

ነፍሳቱንም አፈሩንም መልሱ። ዘንድሮ ከማሽላው ግማሽ ማሳ ላይ አገዳውን ትታችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሰሞን ሁለቱንም ግማሽ ቆፍሩ።